ዲዝራኤሊና የተሸነፈው ፓርቲ



የእንግሊዝ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው የቤንጃሚን ዲዝራኤሊ ስም በአገራችን የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይነሣም። ስለ መቅደላ ስናነብ ዘወትር የምናገኘው የጦር አዛዡን የጄኔራል ናፒየርን ስም ነው። ነገር ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ሕይወታቸውን ባሳለፉ ጊዜ፥ በለንደን ከተማ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረው ይህ ሰው ነው። ከዚያም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የገንዘብ ሚኒስትር ሳለ፥ ለዘመቻው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከፓርላማ ያስፈቀደው እርሱ ነበር።

እኔም ስለ ዲዝራኤሊ ማንበብ የጀመርሁት የመቅደላን ነገር በሌላው ወገን በኩል ለማወቅ ብዬ ነው። ዳሩ ግን ካነበብሁት ሁሉ ይበልጥ ልቤን የሳበው ሌላ ነገር ሆነ። ይኸውም በዚያው ዓመት ፓርቲው በምርጫ ክፉኛ ከተሸነፈ በኋላ፥ ያንን የተሰበረ ፓርቲ በአምስት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ምን አድርጎ እንዳቆመው ነው። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ በምተርክበት ጊዜ በዚህ ክፍል ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ከዚህ በታች የሚገኙት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዲዝራኤሊ ዲሴምበር 21 ቀን 1804 በለንደን ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ አይዛክ በመጻሕፍት መካከል የሚኖር ደራሲ ነበር። አባቱ ከምኵራቡ አለቆች ጋር ስለ ተጣላ፥ ልጁ በ1817 ገና 12 ዓመት ሳለ የክርስትና ጥምቀት ተቀበለ። ይህ ጥምቀት በሕይወቱ ውስጥ ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር የአይሁድ ሃይማኖት ተከታይ እስከ 1858 ድረስ በፓርላማ ሊቀመጥ አይችልም ነበርና። ነገር ግን ጥምቀቱ የፓርላማውን በር ቢከፍትለትም የሰውን አፍ አልዘጋለትም። እስኪሞት ድረስ ጠላቶቹ በትውልዱ ይሰድቡት ነበር። እርሱም በትውልዱ አላፈረም፤ እንዲያውም ይኮራበት ነበር።

እንደ ሌሎቹ የእንግሊዝ መኳንንት ልጆች በታላላቅ ትምህርት ቤቶች አልተማረም፤ ዩኒቨርስቲም አልገባም። በወጣትነቱ በጠበቆች ጽሕፈት ቤት ሥራ ይለማመድ ነበር። በ20 ዓመቱ በደቡብ አሜሪካ የማዕድን አክሲዮን ነግዶ ስለ ከሰረ፥ ያ ዕዳ ለብዙ ዓመታት ሲያሳድደው ኖረ። በ1826 «ቪቪያን ግሬይ» የተባለውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ። አለባበሱም የተለየ ነበር ይባላል፤ ያሸበረቀ ሰደርያና ብዙ ቀለበት ይወድ ነበር። ይህንን የምጠቅሰው ለሣቅ ብዬ አይደለም፤ ቁም ነገረኛ የሆኑት የገጠር ባላባቶች እንዲህ ያለውን ሰው መሪያችን ነው ብለው ለመቀበል ምን ያህል እንደ ቸገራቸው አንባቢ እንዲገምት ብዬ ነው።

ወደ ፓርላማ ለመግባት አራት ጊዜ ተወዳድሮ አራት ጊዜ ተሸነፈ። በ1832 ሁለት ጊዜ፥ በ1835 ሁለት ጊዜ ማለት ነው። በአምስተኛው በ1837 ሜይድስቶን ከተባለው የምርጫ ወረዳ ተመረጠ። የመጀመሪያ ንግግሩን ባደረገ ጊዜ ግን የምክር ቤቱ አባሎች በሣቅና በጩኸት አላስጨርስ ስላሉት፥ አንድ ቀን ትሰሙኛላችሁ የሚል ቃል ተናግሮ ተቀመጠ። በ1839 በ12 ዓመት የምትበልጠውን ሜሪ አን የተባለች ባለጸጋ መበለት አገባ። ሰው ሁሉ ለገንዘቧ ነው ያገባት ብሎ ነበር፤ ትዳራቸው ግን ለ33 ዓመታት በፍቅር ጸና።

አሁን ወደ ፓርቲው ነገር ልምጣ። ወግ አጥባቂ የሚባለው የፖለቲካ ፓርቲ በ1841 በሰር ሮበርት ፒል መሪነት ምርጫ አሸንፎ ነበር። ፒልም ለዲዝራኤሊ ሹመት አልሰጠውም። በ1846 ፒል ከውጭ አገር በሚገባው እህል ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሣለሁ ባለ ጊዜ ፓርቲው ለሁለት ተከፈለ። አብዛኞቹ የገጠር እንደራሴዎች ፒልን ተቃወሙ፤ ከተቃዋሚዎቹም ሁሉ የዲዝራኤሊ ምላስ እንደ ጦር የሚወጋ ነበር። ነገር ግን መንግሥት ማስተዳደር የሚያውቁት ሰዎች፥ ግላድስቶን ጭምር፥ ሁሉም ማለት ይቻላል ከፒል ጋር ወጡ። ዲዝራኤሊ ያሸነፈ መስሎት የቀረው ከብዙ አካልና ከጥቂት ራስ ጋር ነበር። በእኔ አስተያየት ያን ጊዜ ያፈረሰውን ቤት ነው ዕድሜውን ሙሉ ሲገነባ የኖረው።

ከዚያ በኋላ ፓርቲው 28 ዓመት ሙሉ አብላጫ መቀመጫ አላገኘም። ሎርድ ደርቢ ሦስት ጊዜ፥ ማለት በ1852፥ በ1858ና በ1866፥ መንግሥት ቢያቋቁምም ሦስቱንም ጊዜ አብላጫ አልነበረውም። የ1852ቱ መንግሥት ሹማምንት ስም በመኳንንት ምክር ቤት ሲነበብ፥ አርጅቶ ጆሮው የከበደው የዌሊንግተን መስፍን ስሞቹን ስላላወቃቸው ማን፥ ማን እያለ ይጠይቅ ስለ ነበር ያ መንግሥት በዚሁ ቅጽል ስም ቀረ። ዲዝራኤሊ በዚያ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ በጀት ቢያቀርብ፥ ግላድስቶን ሌሊት ተነሥቶ በጀቱን ነጥብ በነጥብ አፈረሰበት። የሁለቱ ሰዎች ጠብ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። በ1867 ዲዝራኤሊ በከተሞች የሚኖሩ ብዙ ሠራተኞች እንዲመርጡ የሚፈቅደውን ሕግ በብልሃት አሳለፈ። የመራጩም ቍጥር እጥፍ ወደ መሆን ተቃረበ። በፌብሩዋሪ 1868 ደርቢ ታሞ ሲለቅ ዲዝራኤሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

የመቅደላ ዘመቻ የተፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው። ፓርላማው መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፥ ወጪው በመጨረሻ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። ለዚህም የገቢ ግብር ተጨመረ። ዲዝራኤሊ ድሉን በፓርላማ ባመሰገነ ጊዜ፥ ዶክተር ጆንሰን በ1759 ያሳተመውን የራስላስን ልብ ወለድ እያስታወሰ አሸብርቆ ተናገረ። እኛ የምናስታውሰው የአምባውን ቃጠሎ፥ የተዘረፉትን የብራና መጻሕፍትና ታቦታት፥ በሰባት ዓመቱ ከአገሩ የተወሰደውን ልዑል ዓለማየሁን ነው። እርሱ ግን የተናገረው ስለ ልብ ወለድ ተራሮች ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ቅር ቢለው አልፈርድበትም፤ እኔም ቅር ብሎኛል። የሚያስደንቀው ነገር ግን ያ ሁሉ ድል ለምርጫው ምንም አለመጥቀሙ ነው። በኖቬምበር 1868 በተደረገው ምርጫ የእንግሊዝ መራጭ ያሰበው ስለ አየርላንድ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ስለ መቅደላ አልነበረም። የግላድስቶን ሊበራሎች 387 መቀመጫ ሲያገኙ ወግ አጥባቂዎቹ 271 ብቻ አገኙ።

ዲዝራኤሊ ከዚህ በኋላ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ከእርሱ በፊት ማንም ያላደረገው ነው። ፓርላማው ተሰብስቦ ድምፅ እስኪሰጥበት ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ሥልጣኑን ለቀቀ። መራጩ ከተናገረ በኋላ ወንበሩን ይዞ መቈየት ትርፍ እንደሌለው ተረድቶ ነበር። በተማሪዎች ማኅበር ምርጫ የተሸነፈ ወገን ቈጠራው ይደገም ብሎ ሲከራከር ሳምንት ሲያልፍ ያየን ሰዎች፥ ይህ ቀላል ነገር አለመሆኑን እናውቃለን።

ሁለተኛው ሥራው ደግሞ ዝምታ ነበር። ግላድስቶን ትልቅ አብላጫ ይዞ በየዓመቱ አዲስ ሕግ ሲያወጣ፥ ዲዝራኤሊ በፓርላማ እምብዛም አልተናገረም። እያንዳንዱ አዲስ ሕግ አንድ ቅር የተሰኘ ወገን እንደሚፈጥር ያውቅ ነበር፤ በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ የሊበራሎቹን የራሳቸውን ደጋፊዎች አስቈጣ፤ በ1872 የወጣው የመጠጥ ቤቶች ሕግ ደግሞ ቢራ ጠማቂዎቹን አስከፋ። ወዳጆቹ ግን ዝምታው ብልሃት መሆኑን አላዩም። በዚያ ላይ በ1870 «ሎቴር» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመና መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። ፓርቲያችን ወድቆ ሳለ መሪያችን ተረት ይጽፋል ብለው አጉረመረሙ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ በ1872 መጀመሪያ የፓርቲው ታላላቅ ሰዎች በርሌ በተባለ ትልቅ ቤት ተሰብስበው እርሱ በሌለበት መሪ ስለ መለወጥ ተነጋገሩ። የሟቹ የሎርድ ደርቢ ልጅ ቢመራን 40 ወይም 50 መቀመጫ ይጨመርልናል የሚል ግምትም ቀርቦ ነበር። ለዲዝራኤሊ የተከራከሩለት ጥቂቶች ናቸው።

እነዚያ ጌቶች ይህን ሲነጋገሩ፥ ፓርቲውን በእውነት የሚያነሣው ሥራ በአንዲት የለንደን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሠራተኛው ጆን ጎርስት የሚባል ወጣት ጠበቃ ነው። ጎርስት በኒውዚላንድ አገር ለማኦሪ ሕዝብ በቋንቋቸው ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፤ በ1863 ማኦሪዎቹ ማተሚያውን ስለ ወሰዱበት ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያም ፓርላማ ገብቶ በ1868ቱ ምርጫ እርሱም መቀመጫውን አጣ። ዲዝራኤሊ ይህን የተሸነፈ ሰው በ1870 ጠርቶ የፓርቲው ዋና ወኪል አደረገው፤ የፓርቲው ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤትም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ከዚያ በፊት የምርጫ ጉዳይ የሚሠራው በጥቂት ጠበቆችና በመኳንንት ክበብ ውስጥ ነበር።

ጎርስት ምን ሠራ ቢባል፥ መልሱ ለታሪክ ጸሓፊ የማይመች ቀላል መልስ ነው፤ መዝገብ ያዘ። ከአገር ወደ አገር እየዞረ በየምርጫ ወረዳው ማን እንዳለ ጠየቀ፤ ኮሚቴ በሌለበት የአካባቢውን ሰዎች ሰብስቦ ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ አደረገ። ለመወዳደር ፈቃደኛ የሆኑትን ሰዎች ስም ዝርዝር በጽሕፈት ቤቱ አኖረ፤ ነገር ግን ማን ይቅረብ የሚለውን የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው እንዲወስኑ ተወላቸው። በኖቬምበር 1867 የተቋቋመውና የየከተማውን የሠራተኞችና የነጋዴዎች ማኅበራት የሚያስተባብረው ብሔራዊ ኅብረትም ከዚሁ ጽሕፈት ቤት ጋር አብሮ እንዲሠራ ሆነ። ጎርስት የተረዳው አንድ ትልቅ ነገር ነበር፤ ፓርቲው የገጠሩን ባላባት ብቻ ይዞ ሊያሸንፍ እንደማይችል ነው። በ1868 ሁሉም ሲሸነፍ በላንካሽር የፋብሪካ ከተሞች ግን ወግ አጥባቂዎች ስላሸነፉ፥ ግላድስቶን ራሱ በዚያ ክፍለ ሀገር ተሸንፎ በሌላ ወረዳ ነበር የገባው። በለንደንም በዌስትሚንስተር ወረዳ መጽሐፍ ሻጩ ደብልዩ ኤች ስሚዝ ታላቁን ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚልን አሸንፎ ነበር። በጥፋቱ መካከል እነዚህን ሁለት ወሬዎች አይቶ ከነሱ መማር የጎርስት ብልኅነት ነው።

ዲዝራኤሊ አፉን የከፈተው ይህ ሥራ መልክ ከያዘ በኋላ ነው። በአፕሪል 1872 ወደዚያው ወደ ላንካሽር፥ ወደ ማንቸስተር ሄደ። የየከተማው ማኅበራት አባሎች በዝናም ውስጥ ተሰልፈው በፊቱ አለፉ። በማግሥቱ በትልቁ አዳራሽ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆሞ ተናገረ፤ ጕሮሮውን ለማራስ ይጠጣው የነበረው ብራንዲ በውሃ ነው ይባላል። በጁን 24 ቀን ደግሞ በለንደን በክሪስታል ፓላስ የፓርቲውን ሦስት ዓላማዎች አስረዳ፤ የአገሪቱን ጥንታውያን ሥርዓቶች መጠበቅ፥ ግዛቷን ማጽናት፥ የሕዝቡን ኑሮ ማሻሻል ናቸው። ወግ አጥባቂ ሰው ስለ ሠራተኛው መኖሪያ ቤት፥ ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ንጹሕ ውሃ መናገሩ ለብዙዎች አዲስ ነገር ነበር። ስለ ግዛት ማስፋት የተናገረው ግን ለአፍሪካ ሕዝብ በኋላ ምን እንዳመጣ የምናውቀው ስለ ሆነ በአድናቆት ልጽፈው አልችልም።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ሜሪ አን በካንሰር ሞተች። ከእርሷ ጋር በዓመት ታገኘው የነበረው ገቢና በለንደን ይኖሩበት የነበረው ቤት አብረው ሄዱ፤ የ68 ዓመቱ ሽማግሌ በሆቴል ማደር ጀመረ። እንዲህ ባለ ኀዘን ውስጥ ሳለ በማርች 1873 ግላድስቶን ስለ አየርላንድ ዩኒቨርስቲ ባቀረበው ሕግ በ3 ድምፅ ተሸንፎ ሥልጣኑን ለቀቀ። ንግሥት ቪክቶሪያም ዲዝራኤሊን አስጠርተው መንግሥት እንዲያቋቁም ጠየቁት። እርሱም አልቀበልም አለ። ሹመት የተጠሙት የፓርቲው ሰዎች በዚህ ምን ያህል እንዳዘኑ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን አብላጫ ሳይኖረው ሦስት ጊዜ ሥልጣን ላይ ወጥቶ ሦስት ጊዜ የወረደ ሰው አራተኛውን እምቢ ማለቱ ከሠራው ሁሉ ይልቅ ትልቁ ሥራ ይመስለኛል። ግላድስቶን ሳይወድ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ የማሟያ ምርጫ በተደረገ ቍጥርም ሊበራሎች መቀመጫ ማጣት ቀጠሉ።

በጃንዋሪ 1874 ግላድስቶን በድንገት ፓርላማውን በትኖ ምርጫ ጠራ፤ የገቢ ግብርንም አጠፋለሁ ብሎ ተስፋ ሰጠ። ሊበራሎች በየቦታው እርስ በርሳቸው ሲሻሙ፥ የጎርስት መዝገብ ግን ዝግጁ ነበር። መራጩ በምስጢር ድምፅ የሰጠበት የመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ ይህ ነው። ወግ አጥባቂዎቹ 350 ያህል መቀመጫ አገኙ።

የዲዝራኤሊ መንግሥት በ1875 የሕዝብ ጤና ሕግን፥ የሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ሕግንና ሠራተኛ በሰላም ሥራ የማቆም መብት እንዲኖረው የሚፈቅደውን ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት የግብጹ ገዥ የነበረውን የስዊዝ ቦይ አክሲዮን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ ገንዘቡን ያበደሩት ሮትሽልዶች ናቸው። በ1876 የቢከንስፊልድ ኧርል ተብሎ ወደ መኳንንት ምክር ቤት ገባ። በ1878 ከበርሊን ጉባኤ ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። በኖቬምበር 1879 ልዑል ዓለማየሁ በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ ሲሞት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ይኸው ዲዝራኤሊ ነበር። ልዑሉ 18 ዓመቱ ነበር፤ እኔ ዛሬ ያለሁበት ዕድሜ ነው። በዊንድሰር ተቀበረ።

በዚህ ሁሉ ክብር መካከል የተረሳው ያ መዝገብ ነበር። ጎርስት በ1874 ድሉን ካመጣ በኋላ ሹመት አልተሰጠውም፤ የምርጫው ሥራም ቀስ እያለ ወደ ቀድሞዎቹ ሰዎች ተመለሰ። በ1877 ጎርስት ለዲዝራኤሊ የፓርቲው አሠራር እየፈረሰ መሆኑን በደብዳቤ አስታውቆ ሥራውን ለቀቀ። ሰሚ አላገኘም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በ1879 የእንግሊዝ አዝመራ ጠፋ፤ በዙሉና በአፍጋኒስታን የተደረጉት ጦርነቶች ብዙ ሰውና ገንዘብ አጠፉ፤ ግላድስቶንም በስኮትላንድ ከመድረክ ወደ መድረክ እየዞረ ሕዝቡን ቀሰቀሰ። በአፕሪል 1880 ወግ አጥባቂዎቹ ወደ 237 መቀመጫ ወረዱ፤ ከ1868ቱ ያነሰ ማለት ነው።

ዲዝራኤሊ ያን ጊዜ 75 ዓመቱ ነበር፤ ሪህና አስም ያሠቃዩት ነበር። ብዙዎች አሁንስ ይተዋል ብለው ነበር፤ አልተወም። እንደ 1868ቱ ፓርላማውን ሳይጠብቅ ሥልጣኑን አስረከበ። የተሸነፉትን የፓርቲውን እንደራሴዎችና መኳንንት ሰብስቦ አነጋገረ፤ ከሥልጣን ከወረደ በኋላም «ኤንዲሚዮን» የተባለውን ልብ ወለድ ጨርሶ አሳተመ። ከሁሉ በፊት ግን በዚያው ዓመት ጎርስት ወደ ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት ተመልሶ የምርጫውን ሥራ እንዲይዝ ተደረገ። ዲዝራኤሊ አፕሪል 19 ቀን 1881 ሞተ። በዌስትሚንስተር በመንግሥት ሥርዓት እንዲቀበር ቢታሰብም፥ በኑዛዜው መሠረት ሂውንደን በተባለው መንደር በሜሪ አን አጠገብ ተቀበረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው ወደ መቃብሩ ሄደው አበባ አኖሩ። ጎርስት በዚያን ጊዜ እንደገና የየወረዳውን ኮሚቴ ስም ይመዘግብ ነበር።